ጊታር መቃኘት የማያውቀው የጊታር ሰው



ባለፈው ወር በሙዚቃ ክበባችን ክፍል የደረሰውን ነገር ሳትሰሙ የቀራችሁ አይመስለንም። ወሬው ከካፍቴሪያው እስከ መምህራን ማረፊያ ድረስ ስለ ዞረ፣ እኛው ራሳችን ብንናገረው ይሻላል ብለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከነበሩት የድሮ ቪላ ቤቶች አንዱ ለፎቅ ቦታ ሊለቅ ሲፈርስ፣ ከዕቃ ቤቱ አንድ ያረጀ ሣጥን ወጣ። ሣጥኑ የመንገደኛ ሻንጣ ይመስላል። ወደ ቡናማ በሚያደላ ቢጫ ሸካራ ጨርቅ ተለብጧል፤ ከላዩ የቆዳ እጀታ አለው፤ ከፊቱ ስስ ጨርቅ ተወጥሯል። የቤቱ ባለቤት አዛውንት የጊታር አምፕሊፋየር መሆኑን ነግረውን፣ ለክበባችሁ ከጠቀመ ውሰዱት አሉን። በየት በኩል ቦሌ እንደ ደረሰ ግን እሳቸውም አያስታውሱም። እኛም በሚኒባስ ታክሲ ጭነን፣ ለሣጥኑም የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍለን፣ በመገናኛ በኩል ወደ ተቋማችን አመጣነው። በዚያው ሞቅታ ገመዱን ከግድግዳው ሰካነው። ጧ! አለና ዝም አለ።

ከሣጥኑ ጀርባ 117 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ሌላውን ሰው ማንበብ ልናስተምር የምንሰናዳ ሰዎች፣ ሳናነብ ሰካነው። ምን ይደረግ፣ ጥፋቱ የእኛው ነው።

ከመካከላችን አንዱ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ሊያስገባ ሲል፣ አንድ የኤሌክትሪክ መምህራችን ደርሰው እጁን ያዙት። ፊውዙ የሞተው ሌላው እንዲተርፍ ነው፤ ወረቀቱን ብታስገባ ኖሮ ትራንስፎርመሩን ትቀብረው ነበር ብለው አስረዱን። ከዚያም ገመዱን ነቅለው፣ የጀርባውን ክዳን በዊንጭት ፈቱት። ከውስጥ ሁለት ነገር አየን። አንደኛው የእያንዳንዱን ቲዩብ ስምና ቦታ የሚያሳይ፣ ከእንጨቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ሁለተኛው የአንዲት ሴት ስም በእጅ የተጻፈበት ቁራጭ ፕላስተር ነው፤ ሽቦውን የበየደችው ሠራተኛ ስም መሆኑ ነው።

እንግዲህ ይህን ሣጥን ያሰበው ሰው፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው እንደሚከፍተው አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከፊቱ የተጻፈው ፌንደር የሚለው ስም የፋብሪካ ስም ብቻ ሳይሆን የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዛሬው ዝግጅታችን የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዘመኑ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የብርቱካን እርሻ ልጅ

ክላረንስ ሊዮናይደስ ፌንደር፣ በአጭሩ ሊዮ፣ ኦገስት 10 ቀን 1909፣ በእኛ ነሐሴ 4 ቀን 1901 ዓ/ም ተወለደ። የትውልድ ቦታው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች መካከል የነበረ የብርቱካን እርሻ ነው። የወላጆቹ ቤት ገና ተሠርቶ ስላላለቀ በእርሻው ጎተራ ውስጥ እንደ ተወለደ ይነገራል።

የ8 ዓመት ልጅ ሳለ በግራ ዓይኑ ላይ ዕጢ ወጣበትና ዓይኑ እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው በአንድ ዓይንና በአንድ የመስታወት ዓይን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ጦር ሜዳ ያልተጠራውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቅ የነበረው አንድ አጎት ነበረው። ሊዮ በ1922 ገደማ አጎቱ ጋ ሄዶ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተገጣጥሞ የተሠራ ራዲዮ ሲጮኽ ሰማ። ያ ድምፅ ከጆሮው ሳይወጣ ቀረ። አጎቱም የተጣሉ የራዲዮ ክፍሎች በሣጥን ሞልተው ሰጡት። ልጁ እቤቱ ተቀምጦ እየፈታ፣ እየገጠመ፣ እያበላሸ፣ መልሶም እየጠገነ ተማረ። ብዙ ሳይቆይ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ራዲዮ መጠገን ጀመረ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ሊዮ በትምህርት ቤት ፒያኖና ሳክስፎን ሞክሯል። ጊታር ግን አልተማረም። በኋላም ቢሆን ዓለም በሙሉ የሱን ጊታር ሲጫወት፣ እሱ ጊታር መጫወት ቀርቶ መቃኘትም አይችልም ነበር።

ሥራ ያጣው ሒሳብ ያዥ

ሊዮ በ1928 ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ በፉለርተን ጁኒየር ኮሌጅ የገባው ለሒሳብ አያያዝ ትምህርት ነው። ኤሌክትሪክ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ አልተማረም። ከኮሌጅ በኋላ በአንድ የበረዶ ፋብሪካ መጀመሪያ ዕቃ አድራሽ፣ ቀጥሎም ሒሳብ ያዥ ሆነ። በዚሁ ጊዜ አንድ የዳንስ ባንድ መሪ የድምፅ ማጉያ ሥራልኝ ብሎት ስድስት ሠርቶ አስረከበ። በ1934 አስቴር ክሎስኪን አገባና በካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ።

ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። የሥራ መደቡ ታጠፈና ሊዮ ከሥራ ወጣ። ቀጥሎ በአንድ የጎማ ኩባንያ ሒሳብ ክፍል ገባ፤ እዚያም ስድስት ወር ያህል ከሠራ በኋላ ሥራውን አጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ሦስተኛ የሒሳብ ሥራ ፍለጋ ደጅ ይጠና ነበር። እሱ ግን በ1938 600 ዶላር ተበድሮ ወደ ፉለርተን ተመለሰና የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ።

ለሊዮ ይህች ሱቅ ትምህርት ቤቱ ነበረች ብንል ማጋነን አይሆንም። ራዲዮ ይጠግናል፣ ሸክላ ይሸጣል፣ ለስብሰባና ለኳስ ጨዋታ የድምፅ ማጉያ ያከራያል። ሙዚቀኞችም የተበላሸ አምፕሊፋየራቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሌላውን ፋብሪካ ዕቃ በየቀኑ ሲፈታ የሚውል ሰው የትኛው ክፍል ቶሎ እንደሚሞት፣ የትኛው ብየዳ እንደሚላቀቅ፣ የትኛው ብሎን እጅ እንደማያስገባ ያውቃል። የሒሳብ ትምህርቱም ከንቱ አልቀረም፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋና ጥቅም ማመዛዘን ለምዶ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ዶክ ካውፍማን ከተባለ የፈጠራ ሰው ጋር ተገናኝቶ፣ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ የኤሌክትሪክ ጊታርና ትንንሽ አምፕሊፋየሮችን መሥራት ጀመሩ። በ1946 ካውፍማን ዕዳው ስላሰጋው ወጣ። ሊዮ ብቻውን ቀጠለና የፌንደር ኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያን አቋቋመ።

ሦስት ቲዩብ የሚሠሩት ሥራ

የሊዮ ሥራ ምን እንደ ነበረ ለመረዳት ሣጥኑን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ቲዩብ የምንለው አየሩ የወጣለት የመስታወት አምፑል ነው። በውስጡ የሚግል ክፍል አለ፤ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። በሌላው ወገን ያለው የብረት ሳህን ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ስላለው ይስባቸዋል። በሁለቱ መካከል ወንፊት መሰል ሽቦ ተዘርግቷል። ይህን ወንፊት በ1906 ያስገባው አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ነው። ከጊታሩ የምትመጣው ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ወንፊቱ ትገባለች፤ ወንፊቱም እንደ ቧንቧ መክፈቻ ትልቁን ጅረት ይከፍታል፣ ያጠባል። ትንሽ እጅ ብዙ ውኃ ታዛለች ማለት ነው።

ሊዮ ከሠራቸው ሁሉ ትንሹን፣ ሻምፕ የሚባለውን እንውሰድ። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተሠራው ሻምፕ ያሉት ሦስት ቲዩቦች ብቻ ናቸው። 5ዋይ3 የምትባለው ተለዋዋጩን የመብራት ጅረት ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲፈስ ታደርጋለች። 12ኤኤክስ7 የጊታሩን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ ታነሣለች። 6ቪ6 ደግሞ ስፒከሩን ለመግፋት የሚበቃ ጉልበት ትሰጠዋለች። ከሷ ቀጥሎ አንድ ትራንስፎርመር አለ። ቲዩቧ ብዙ ቮልትና ጥቂት ጅረት ታውቃለች፤ ስፒከሩ ጥቂት ቮልትና ብዙ ጅረት ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ በሁለቱ መካከል እንደ አስተርጓሚ ይቆማል። የሁሉ ድምር 5 ዋት ገደማ ኃይልና ባለ 8 ኢንች ስፒከር ነው። በየመንገዱ ከምንሰማው ሞንታርቦ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ለአንድ ክፍል ግን ይበቃል።

ታዲያ ሊዮ ዕቃ ሲመርጥ ምን ያይ ነበር? የመሠረታዊ ንድፎቹ ምንጭ በአብዛኛው የቲዩብ ፋብሪካዎች ያሳተሟቸው መጻሕፍት ናቸው፤ ከዜሮ ልፍጠር ብሎ አልደከመም። ቲዩቦቹ በየራዲዮ ሱቁ የሚገኙ ዓይነቶች ነበሩ። ለትልልቆቹ አምፕሊፋየሮች የመረጣት 6ኤል6 አርሲኤ የተባለው ኩባንያ በ1936 ያወጣት ናት። ሣጥኑ ከጥድ እንጨት ይሠራል፤ ጥድ ቀላል ነው። የሚለበጠው የሻንጣ ጨርቅ ነው፤ መንገደኛ ሙዚቀኛ ቢያንገላታው ይችላል። በውስጡ ያሉት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች እንደ ካርቶን በጠጠረ ሰሌዳ ላይ በረድፍ ተደርድረው ይበየዳሉ። አንዱ ቢሞት ሌላውን ሳይነኩ ያንኑ ብቻ አንሥቶ መተካት ይቻላል። የትኛው ቲዩብ የት እንደሚገባ ደግሞ ወረቀቱ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ውድ ዕቃ መምረጥ አይደለም። ዕቃው የሚገኝ፣ የሚተካና ለሚጠግነው ሰው የሚታይ እንዲሆን መምረጥ ነው። ከከተማ ርቆ በሚገኝ ትምህርት ቤት የማስተማሪያ መሣሪያ ለሚያዘጋጅ መምህር ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ፣ ለተግባር ልምምድ ወጥታችሁ የተመለሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ጆሮውን ለሰው የሰጠ

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንምጣ። ጊታር የማይጫወት ሰው እንዴት የጊታረኞችን ዕቃ ሠራ? መልሱ ቀላል ነው፤ ጊታረኞችን ጠየቀ። በአገራችን ጥሩ የክራር ሠሪ ክራሩን ለደርዳሪው ሰጥቶ፣ ከምስጋናው ይልቅ የጣቱን አካሄድ እንደሚያየው ማለት ነው። ሊዮ አዲስ ነገር በሠራ ቁጥር ለሙዚቀኞች ይሰጣል፤ እነሱም በየዳንስ ቤቱ ተጫውተውበት ጉድለቱን ይነግሩታል። አንዳንድ ጊዜ ሙዚቀኛው መድረክ ላይ እየተጫወተ ሳለ ሊዮ ከኋላው ገብቶ አምፕሊፋየሩን ይነካካ እንደ ነበር ይነገራል።

በዚህ ዓይነት በ1950 ሆዱ ያልተቦረቦረ፣ ከአንድ ወጥ እንጨት የተቀረጸ ጊታር አወጣ። በኋላ ቴሌካስተር የተባለው ይህ ጊታር ድምፁ ከፍ ሲል እንደ ሌሎቹ አይጮኽም፤ አንገቱም በብሎን ስለሚታሰር ቢሰበር ይለወጣል። በ1951 ቤዝ ጊታር ሠራ። ከዚያ በፊት ቤዝ ተጫዋቾች ሰው የሚያህል መሣሪያ ተሸክመው ይዞሩ ነበር። ለዚህ ቤዝ ጊታር ደግሞ በ1952 ባስማን የተባለውን አምፕሊፋየር አወጣለት። በ1954 ስትራቶካስተር ተከተለ።

የዲክ ዴል ታሪክ ደግሞ አለ። አባቱ የሊባኖስ ተወላጅ የሆነው ይህ ወጣት ጊታረኛ በ1960 ገደማ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ በሚገኝ ትልቅ የዳንስ አዳራሽ ይጫወት ነበር። ሊዮ የሰጠውን ስፒከር አቃጠለ። ሌላ ተሰጠው፤ ያንንም አቃጠለ። ሊዮ ግን ልጁ ዕቃ አያያዝ አያውቅም ብሎ አልተቆጣም። ከረዳቱ ከፍሬዲ ታቫሬስ ጋር ወደ አዳራሹ ሄዶ ከሕዝቡ መካከል ቆመና አዳመጠ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። በሱቁ ውስጥ የሚበቃ ድምፅ በብዙ ሰው በተሞላ አዳራሽ አይበቃም። ተመልሶ የበለጠ ኃይለኛ ትራንስፎርመር አሠራ፤ ባለ 15 ኢንች ጠንካራ ስፒከርም መረጠ። ሾውማን የተባለው አምፕሊፋየር የመጣው እንዲህ ነው።

ሃሮልድ ሮድስ የተባለ የፒያኖ አስተማሪም ነበር። ይህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ አልጋ ላይ ለተኙ ቁስለኛ ወታደሮች፣ ከአውሮፕላን ትርፍራፊ አሉሚኒየም ትንሽ ፒያኖ ሠርቶ ያስተምራቸው ነበር። ሊዮ በ1959 ከእሱ ጋር ተሻርኮ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን መሥራት ጀመረ። ያ ፒያኖ የተወለደው ለማስተማር ታስቦ መሆኑን የመምህርነት ዕጩዎች ብታስታውሱት አይከፋም።

ሊዮ የተሳሳተበትም ነገር አለ። እሱ የሚፈልገው ንጹሕ፣ ያልተሰበረ ድምፅ ነበር። ንድፉን በየጊዜው ሲያሻሽል የቆየውም አምፕሊፋየሩ ድምፁን ሳይሰብር እንዲጮኽ ነው። ሙዚቀኞቹ ግን ቁልፉን እስከ ጫፍ አዙረው፣ ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ ወደዱት። እሱ እንደ ጉድለት ያየውን እነሱ እንደ ቅመም ቆጠሩት።

አንድ ንድፍ፣ ሁለት ድምፅ

የዕቃ ምርጫ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳየን የለንደኑ ታሪክ ነው። በለንደን ጂም ማርሻል የሚባል የከበሮ አስተማሪ ነበር፤ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅም ነበረው። ወደ ሱቁ የሚመጡ ወጣት ጊታረኞች የአሜሪካን አምፕሊፋየር ይመኛሉ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ማርሻል በ1962 ከሁለት ቴክኒሻኖች ጋር ሆኖ የባስማንን ንድፍ ሊገለብጠው ተነሣ። ንድፉ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ዕቃው ግን እንግሊዝ አገር የሚገኘው ሆነ።

በሊዮ ባስማን የመጀመሪያዋ ቲዩብ 12ኤዋይ7 ናት፤ የማጉላት አቅሟ 44 ገደማ ነው። በማርሻል በቦታዋ የገባችው ኢሲሲ83 ግን 100 ገደማ ታጎላለች። ስለዚህ ድምፁ ቶሎ ይሰበራል። የሊዮ ባስማን ክፍት ጀርባ ባለው ሣጥን አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ነበሩት፤ ማርሻል ባለ 12 ኢንች የእንግሊዝ ስፒከሮችን ዝግ ሣጥን ውስጥ አስገባ። የወጣው ድምፅ ወንድሙን የማይመስል ወንድም ሆነ። የአንድ ባለሙያ የወጥ አሠራር ሌላ ቤት ሄዶ፣ በሌላ በርበሬና በሌላ ቅቤ ሲሠራ ሌላ ወጥ እንደሚሆነው ነው።

በአገራችንም የኤሌክትሪክ ጊታር ዘመን ብዙ ሳይቆይ ደረሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 መጨረሻ ጄት አውሮፕላን ሲያመጣ፣ ቦሌ የአዲስ አበባ አዲሱ የአየር በር ሆኖ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሙላቱ አስታጥቄ ከለንደንና ከአሜሪካ ትምህርቱ ተመልሶ አዲስ የሙዚቃ ቅንብር ጀመረ። አምሃ እሸቴም ከ1969 እስከ 1975 በራሱ አሳታሚ ድርጅት ስም ሸክላዎችን አወጣ። በየሆቴሉ ጊታር፣ ቤዝና ኦርጋን ያላቸው ባንዶች ተተከሉ፤ ዋልያስ በሒልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል ተጫወቱ። በትዝታና በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ የኤሌክትሪክ ጊታር ያን ጊዜ ተሰማ። ሊዮ ይህን ቅኝት አስቦ አልሠራም። ቢሆንም መሣሪያው ለሚይዘው እጅ የተተወ ስለሆነ የእኛንም ዜማ ተሸከመ።

ሽያጩና ሁለተኛው ሕይወት

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሊዮን የማይለቅ ኢንፌክሽን ያሠቃየው ነበር። እየባሰበት ሲሄድ ዕድሜው ያለቀ መሰለው። ስለዚህ በጃንዋሪ 1965 ኩባንያውን ሲቢኤስ ለተባለው ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በ600 ዶላር ብድር የተጀመረ ሱቅ በ27 ዓመቱ እዚህ ደረሰ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም መረመረውና በጠንካራ መድኃኒት ፈወሰው። እንግዲህ አስቡት፤ ሞቴ ደርሷል ብሎ የሸጠ ሰው ዳነ፤ ስሙ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። በውሉ መሠረት ለ10 ዓመት ተወዳዳሪ ሆኖ መሥራት አይችልም ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች በ1966 ቲዩብ የሌላቸው የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች አወጡ። ዕቃዎቹ በሙዚቀኞች ዘንድ አልተወደዱም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ቀሩ። ሙዚቀኞችም ዓይናቸውን ወደ ድሮዎቹ ሣጥኖች መለሱ።

ሊዮ ተቀምጦ አላዘነም። የውሉ ጊዜ ሲያበቃ በ1975 ሚውዚክ ማን የተባለ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1979 ባለቤቱ አስቴር በካንሰር ሞተች። በዚያው ጊዜ ገደማ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር፣ የሁለቱን የመጀመሪያ ፊደል ይዞ ጂ ኤንድ ኤል የሚባል ሌላ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1980 እንደገና አገባ። በመጨረሻ ዘመኑ የፓርኪንሰን በሽታ እጁን ቢያንቀጠቅጠውም ከሥራ ጠረጴዛው አልተለየም።

ማርች 21 ቀን 1991፣ በእኛ መጋቢት 12 ቀን 1983 ዓ/ም፣ በ81 ዓመቱ በፉለርተን አረፈ። ያን ሰሞን በአገራችን የሰው ሁሉ ጆሮ ወደ ጦርነቱ ወሬ ተቀስሮ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1992፣ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሙን ከታላላቅ ሙዚቀኞች ጎን አስገባው። አንድ ዘፈን ሳይጫወት እዚያ የገባ ሰው መሆኑ ነው።

ወደ ሣጥናችን ስንመለስ

አንዳንድ ጓደኞቻችን ያ አሮጌ ሣጥን ይጣል፣ ጊዜው አልፎበታል ብለው ነበር። እኛ ደግሞ ከፍተን እንየው አልን። በመምህራችን እጅና በእኛ ችቦ ያዥነት ሁለት ሳምንት ፈጀ።

በመጀመሪያ 220 ቮልቱን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ተገዛ። ቀጥሎ ፊውዙ በመጠኑ ልክ ተተካ። ቲዩቦቹ ደህና ነበሩ። ቢሞቱም ተስፋ አይቆረጥም፤ እንዲህ ዓይነት ቲዩቦች ዛሬም በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ይሠራሉ። ጅረቱን የሚያጠሩት ትልልቅ ካፓሲተሮች ግን ደርቀው ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ ትምህርት አገኘን። ከመካከላችን ሁለታችን ገበያ ወጥተን፣ የማይክሮፋራድ ቁጥራቸው ልክ ሆኖ 250 ቮልት ብቻ የሚችሉ ካፓሲተሮች በርካሽ ገዝተን ተመለስን። መምህራችን በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ከ300 በላይ እንደሆነ በመለኪያ አሳይተውን መልሱት አሉ። 450 ቮልት የሚችለውን ስንገዛ ዋጋው አስደነገጠን። ግን የማይችለውን ሸክም የተሸከመ ካፓሲተር ይፈነዳል።

ስለ አደጋው አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። እንዲህ ዓይነት አምፕሊፋየር ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ ሊገድል ይችላል። ካፓሲተሮቹ ጅረቱን እንደ ጋን ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ጅረቱን በሬዚስተር አፍስሶ፣ ባዶ መሆኑን በመለኪያ ሳያረጋግጥ ማንም ሰው እጁን አያስገባ። እኛም ከመምህራችን ፈቃድ ውጪ ክዳኑን አንነካም።

ባለፈው ዓርብ ማታ ሣጥኑ ተሰካ። ቲዩቦቹ ቀስ ብለው እንደ ከሰል ፍም ቀሉ። በመጀመሪያ እም... የሚል ድምፅ ብቻ ሰማን። ከዚያ አንዱ ጓደኛችን ጊታሩን ሰክቶ በትዝታ ቅኝት አንድ ሐረግ መታ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ይጣል ያሉትም በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር።

ሊዮ ፌንደር ከእኛ ሙያ የራቀ ሰው ይመስላል። ነገር ግን መምህርም ቢሆን መሣሪያውን ሠርቶ ለሌላው የሚተው ሰው ነው። ዜማውን የሚጫወተው ተማሪው ነው። ተማሪው ስፒከሩን ሲያቃጥል፣ ስህተቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ለሚቀጥለው ሰውም በክዳኑ ውስጥ ወረቀት መለጠፍ ይገባል።

እኛም ለጥፈናል። ከድሮው ወረቀት ጎን፣ ምን እንደ ተለወጠ፣ በማን እጅና በየትኛው ቀን እንደ ተሠራ ጽፈን አጣብቀናል። የተቃጠለውን ፊውዝ ደግሞ ከዚህ ጋዜጣ ግርጌ በክር አንጠልጥለነዋል። የክበቡ ክፍል ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው። ስትመጡ፣ ከመሰካታችሁ በፊት በጀርባው የተጻፈውን አንብቡ።